በተማሩት ቋንቋ ለሌላው ማንበብ፦ ከንባብ ቤት እስከ ድምፅ መጽሐፍ



ዛሬ የማቀርበው ንግግር ቀላል ከሚመስል አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አዊኛ የሆነ ወጣት፣ ማየት ለተሳነው ተማሪ የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በድምፁ ቀርጾ በነጻ ለመስጠት ቢነሣ፣ «ቋንቋው የአፍ መፍቻህ አይደለምና ለባለቤቶቹ ተወው» ልንለው ይገባልን? ጥያቄው የሥነ ልሳን ጥያቄ ይመስላል። በእኔ አመለካከት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የታሪክ ጥያቄ ነው። በአገራችን ጮክ ብሎ ለሌላው ማንበብ ከየት እንደ መጣና እነማን ሲሠሩት እንደ ኖሩ ሳንመረምር፣ ማን ሊያነብ እንደሚገባው መወሰን አንችልም።

ጥያቄውን በጥሊሊ ማንሣታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ትገኛለች። እዚህ አዊኛና አማርኛ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ ይነገራሉ። አንድ የአዊ ልጅ በቤቱ አዊኛ ተናግሮ ያድጋል፤ አማርኛን ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ መጻሕፍቱን በእንግሊዝኛ ያገኛቸዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በተማሩት ቋንቋ ማንበብ የብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

ንባብ የሚለው ቃል

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። በግዕዝ «ነበበ» ማለት «ተናገረ» ማለት ነው። አማርኛው «አነበበ» የመጣበት «አንበበ» የተገኘው ከዚሁ ሥር ነው። በቃሉ አመጣጥ ማንበብ ጽሑፉን ማናገር ነው ማለት ይቻላል። ዝም ብሎ በዓይን ማንበብ ዛሬ የለመድነው ነገር ቢሆንም፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ የአፍና የጆሮ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ፊደለ ሐዋርያን አልፎ፣ ወንጌሉንና ዳዊቱን የሚዘልቀው በመምህሩ ፊት ድምፁን እያሰማ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ግዕዝ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑን ካቆመ ብዙ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል። እንግዲያው በነዚያ ሁሉ ዘመናት በመቅደስ ቆሞ መልእክቱን ወይም ስንክሳሩን ያነበበ ሰው ሁሉ፣ የጎጃም ሰውም ሆነ የትግራይ ወይም የላስታ፣ ያነበበው በተማረው ቋንቋ ነው። ሥርዓቱም ይህን ያውቃል። የንባብ ቤት መምህር ተማሪውን ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እና ወዳቂ የሚባሉትን የአነባበብ ስልቶች ያስተምረዋል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል በጆሮው ያስለየዋል። ያለ ቦታው ያጠበቀ ወይም ወዳቂውን ያነሣ ልጅ ወዲያው ይታረማል። የትውልድ መንደሩ ግን ከንባብ አያስወጣውም። የሚፈለግበት ሕጉን ማወቅ፣ መታረምና ጽሑፉን ለሰሚው በትክክል ማድረስ ነበር።

አገው በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። የአገው ተወላጆች የነበሩት የዛጉዌ ነገሥታት የመሬት ስጦታቸውን ያስጻፉት በግዕዝ ነው። የላስታው አገውና የአዊው አገው ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከግዕዝ ሴማዊ ቤተሰብ ውጭ የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። የኢትዮጵያ የጽሕፈት ቅርስ ከተቀበሉት፣ ከጠበቁትና ካስተላለፉት መካከል ቋንቋው የእናት አባታቸው ያልነበረ ሰዎች እንዳሉበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የዓይን ብርሃን የሌላቸው ሊቃውንትም ከዚሁ ሥርዓት ወጥተዋል። ቅኔውና ዜማው በቃል ይነገር ስለ ነበር፣ በዓይን ያጣውን በጆሮው የሚያገኝ ተማሪ ከጓደኞቹ እኩል ይዘልቅ ነበር። ማየት የተሳነው ሰው ከትምህርት ዓለም በእጅጉ የተገፋው ዕውቀት ሁሉ በታተመ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ስለዚህ የድምፅ መጽሐፍ ለአገራችን ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም። ኅትመት ከጆሮ የወሰደውን መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ ነው።

የማይታየው ምልክት

ወደ አማርኛ እንለፍ። አማርኛን በድምፅ የሚያነብ ሰው የሚገጥመው ትልቁ ፈተና በፊደሉ ላይ አይታይም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል። «ይበላል» የሚመገበውንም የሚመገቡትንም ነገር ሊያመለክት ይችላል። እነዚህን ሦስቱን ስጽፍ ምልክት አላደረግሁም፤ ፊደላችን የለውምና። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ አውቆ መለየት አለበት። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያያል። በድምፅ የሚሰማ ሰው ግን የሚያገኘው የአንባቢውን ውሳኔ ብቻ ነው።

ይህን ችግር በሚገባ ካጤኑት መካከል የጎጃሙ ተወላጅ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ይገኙበታል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረዋል። ልማዱ ከእርሳቸው በኋላ አልተስፋፋም። ይሁን እንጂ ያ ነጥብ ደራሲው መጽሐፋቸው በአንባቢ አፍ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ማሰባቸውን ያሳያል። ይኸው መጽሐፍ በኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ተተርኮ፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድምፅ ዐወቃቸው። የበዛብህ አገር ማንኩሳ ከዚህ በዚሁ አውራ ጎዳና ቡሬን አልፈው ሲሄዱ የሚገኝ ስፍራ ነው፤ ታሪኩ የጎረቤታችን ታሪክ ነው።

የወጋየሁ ትረካ ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል። መጽሐፍን በድምፅ ማቅረብ ሲባል አሁን በአእምሯችን የሚመጣው የታላቅ ተዋናይ ድምፅ ነው። ብዙ ወጣት «እኔ እንደ ወጋየሁ አልችልም» ብሎ ይተወዋል፤ የአዊኛ ቅላጼ ያለበት ወጣት ደግሞ ገና ሳይሞክር ይተወዋል። በዚህ ምክንያት ተራኪንና አንባቢን መለየት ያስፈልገናል። ተራኪ ጥበብ ያቀርባል፤ ሰውም ለደስታው ይሰማዋል። አንባቢ ግን አገልግሎት ይሰጣል። ነገ ፈተና ያለበት ተማሪ የባዮሎጂ ምዕራፍ የሚነበብለት እንዲያውቀው ነው። የመጀመሪያው ሥራ ጥቂቶችን ይሻል፤ ሁለተኛው ያለ ብዙዎች አይሆንም።

የአካባቢያችንን የንባብ ታሪክም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ አዊኛ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በዚህ አገር ፊደል የቆጠረ የአዊ ገበሬ ማንበብን የጀመረው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። ከከተማ የመጣ ደብዳቤ ወይም ከፍርድ ቤት የወጣ ወረቀት ሲደርስ፣ የቻለው ላልቻለው ጎረቤቱ በአማርኛ አንብቦ በአዊኛ ያስረዳው ነበር። ይህን ማንም «በጎ ፈቃድ» ብሎ አልሰየመውም፤ የጉርብትና ግዴታ ነበርና።

የኮንራድ ምሳሌ

የዓለምን ልምድ ስንመለከት አንድ አስገራሚ መገጣጠም እናገኛለን። በብሪታንያ ለዓይነ ስውራን የተዘጋጁ የመጀመሪያዎቹ የድምፅ መጻሕፍት በ1935 እ.ኤ.አ. በሸክላ ተቀርጸው ሲወጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ የጆሴፍ ኮንራድ «ታይፉን» ነበር። ከ70 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2005 እ.ኤ.አ.፣ ሂዩ ማክጋየር በሞንትሪያል ሊብሪቮክስ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ሲጀምር፣ በጋራ የተነበበው የመጀመሪያ መጽሐፍ «ሚስጥራዊው ወኪል» ነበር፤ የዚሁ የኮንራድ ድርሰት።

ኮንራድ ማን ነበር? በ1857 እ.ኤ.አ. የተወለደ ፖላንዳዊ ነው። እንግሊዝኛ ከፖላንድኛና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋው ሲሆን፣ የለመደውም በ20ዎቹ ዕድሜው በመርከበኝነት ሲያገለግል ነው። በብዕሩ ከእንግሊዝኛ ታላላቅ ደራሲያን ተርታ ቢሰለፍም፣ በአንደበቱ ያለው የፖላንድ ቅላጼ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። ቅላጼው ከንባብ የሚያግድ ቢሆን ኖሮ ኮንራድ የራሱን መጽሐፍ ለሰው ለማንበብ ባልተፈቀደለት ነበር። ሊብሪቮክስ በበኩሉ አንባቢዎቹን በድምፅ ፈተና አይመርጥም፤ የተለያየ ቅላጼ ያላቸውን ይቀበላል። የቅጂው ጥራት የሚጠበቀው ሌላ በጎ ፈቃደኛ አዳምጦ የተዘለለውንና የተደገመውን ስለሚያመለክት ነው። ይህ ከንባብ ቤት ሥርዓት ብዙ አይርቅም፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያደምጣል፣ ስሕተቱ ይታረማል።

ሌላው ምሳሌ ለትምህርት ተቋማት ይበልጥ ይቀርባል። በ1948 እ.ኤ.አ. አን ማክዶናልድ የተባሉ ሴት በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የበጎ ፈቃደኞች ንባብ አስጀመሩ። ምክንያቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመማር ዕድል ሰጥቷቸው ሳለ፣ የሚማሩበትን መጽሐፍ ማንበብ አልቻሉም። ልብ ወለድ የሚያነብ ድርጅት ቀድሞም ነበር። የኬሚስትሪና የሕግ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ግን አልነበረም። መብት በወረቀት መሰጠቱና ወደ መብቱ የሚያደርሰው መንገድ መጠረጉ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

የአገራችን እውነታ

በአገራችንም የመብቱ ታሪክ አጭር አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ከማኅበረሰቡ የወጡ ምሁራንም ብዙ ናቸው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በስዊድን የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት ያገኙት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ አንዷ ናቸው። ይሁን እንጂ በየዩኒቨርሲቲው ያለ ማየት የተሳነው ተማሪ አሁንም ብዙውን ጊዜ የሚደገፈው በጓደኛው ድምፅ ነው። ጓደኛው ማስታወሻውን ያነብለታል፤ እርሱም በስልኩ ይቀርጻል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሻለሁ። ይህ ተማሪ የሚነበብለት መጽሐፍ በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ነው? ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የትምህርት ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብ ወጣት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያነበው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ «መርከብ» የሚለውና «በግ» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን አፍ አንድ ይሆናሉ። ሆኖም የእንግሊዝኛ ተወላጅ እስኪመጣ እንጠብቅ ያለ የለም። በእንግሊዝኛ ያልጠየቅነውን የትውልድ ማስረጃ በአማርኛ ስንጠይቅ፣ የምንመዝነው ንባቡን ሳይሆን አንባቢውን እንደ ሆነ ልናስተውል ይገባል።

ተቃውሞው ግን ባዶ አይደለም፤ በቅንነት መመርመር አለበት። ቅላጼና ስሕተት የተለያዩ ናቸው፤ ሆኖም ድንበራቸው አንዳንዴ ይነካካል። የአዊኛ የድምፅ ሥርዓት እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ያሉትን በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች በራሱ ቃላት ውስጥ አያውቃቸውም። አማርኛን ዘግይቶ የተማረ ሰው ጠን ወደ ተ ቢያስጠጋ፣ «ጠራ» እና «ተራ» ሊቀላቀሉ ይችላሉ። በአንጻሩ አዊኛ ራሱ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ስለሆነ፣ ተናጋሪው በጆሮው ረቂቅ ልዩነት ማጤንን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከዚህ የምንረዳው አንባቢው መታገድ ሳይሆን መሠልጠን የሚገባው መሆኑን ነው። መሥፈርቱም ግልጽ ሊሆን ይችላል፦ ሰሚው ቃሉን ከሌላ ቃል ይለየዋልን? የሚጠብቀው ጠብቋልን? ሥዕሉና ሠንጠረዡ በቃል ተገልጧልን? ገጹ ተጠርቷልን? ፈራጁ ደግሞ ራሱ ተጠቃሚው፣ ማየት የተሳነው ተማሪ፣ ሊሆን ይገባል። እስከ ዛሬ ስለ እርሱ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሰው ነውና።

«ማሽን ያነብ የለምን?» የሚል ጥያቄም እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለተተየበ ጽሑፍ ማሽን ትልቅ ረዳት ነው፤ ወደፊትም ይሻሻላል። ነገር ግን ፊደሉ የማይጽፈውን ማጥበቅና ማላላት ማሽኑም ከዐውዱ መገመት አለበት። በእጅ የተጻፈ የመምህር ማስታወሻና የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ገና ለረጅም ጊዜ የሰው ዓይን ይሻሉ።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. በመሆኑ፣ መጽሐፋቸውን ቀርጾ ለሕዝብ መልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት ግን ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ጥቅም ሲባል የተፈቀደላቸው ተቋማት ተደራሽ ቅጂ እንዲያዘጋጁ በር ይከፍታል፤ አገራችንም በ2020 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን ተቀላቅላለች። ስለዚህ ወጣቱ ብቻውን ከሚሠራው ይልቅ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በትምህርት ተቋም ጥላ ሥር የሚሠራው ሥራ በሕግም ይጠበቃል፣ በሥርዓትም ይቀመጣል።

የጋፋት ዝምታ

በመጨረሻ ከባዱን ተቃውሞ ላንሣ። «የአዊ ወጣት ጉልበቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ንባብ ከጨረሰ፣ ለአዊኛ ማን ይተርፋል?» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው እውነት አለው፤ የጎረቤታችን ታሪክም ይመሰክርለታል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደዚህ አካባቢ በመጣ ጊዜ፣ መኃልየ መኃልይ በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲተረጎም አድርጎ ነበር። ከቋንቋዎቹ መካከል የዳሞት አገውኛና ጋፋትኛ ይገኙበታል። ጋፋትኛ በአባይ ዳርቻ በጎጃም ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። የጋፋትኛው ጽሑፍ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆየ። ዎልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ተናጋሪዎቹን ፈልጎ ጎጃም ሲገባ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ የጋፋትኛ ጽሑፍ አለን፤ ሰዋስውም አለን። ያንን ጽሑፍ ከእናቱ በሰማው አንደበት የሚያነብልን ሰው ግን የለንም።

አዊኛ በዚህ ሁኔታ ላይ አይደለም። ብዙ ሕዝብ ይናገረዋል፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ሆኖም ማየት የተሳነው የአዊ ሕፃን በቋንቋው የተጻፈውን የትምህርት መጽሐፍ በድምፅ ካላገኘ፣ ለእርሱ መጽሐፉ እንዳልታተመ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ማነጻጸሩን ትተን እናጣምራቸው። አንድ በጎ ፈቃደኛ አንድ የእንግሊዝኛ ወይም የአማርኛ ምዕራፍ በቀረጸ ቁጥር አንድ የአዊኛ ምንባብም ይቅረጽ። በሁለተኛው ቋንቋ ያገኘውን ልምድ፣ ማለትም ትንፋሽ አያያዙን፣ እርማቱንና ትዕግሥቱን፣ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ይመልሰዋል። አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤቱም አዊኛ ተምሮ ሊያነብ ቢወድ፣ ለአገው ልጅ በግዕዝና በአማርኛ የተሰጠው የመታረም ዕድል ለእርሱም ይሰጠው።

በዚህ ዞን ሰዎች ያለ ክፍያ ተደራጅተው ቅርስ የመጠበቅ ልምድ አላቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው በአባላቱ ፈቃድና ተሳትፎ ነው። ለፈረስ ጉግስ የበቃ መደራጀት ለንባብም ይበቃል። የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ አንድ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ የሚያነብ ሰውና የሚያርም ሰው ነው።

የዚህ ንግግር ድምዳሜ አጭር ነው። በአገራችን ለሌላው ማንበብ ቋንቋውን ከእናታቸው ሳይሆን ከመምህራቸው የተቀበሉ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው። የጥሊሊ ወጣት መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ የሚቀላቀለው ይህን ረጅም ሰልፍ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ስሕተቱን በትክክል የሚነግረው አድማጭ ማዘጋጀት ነው።